ኦፕን ዴይ እና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ፕሮጀክት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦፕን ዴይ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው በሩን ከፍቶ የተማሪዎችን ሥራ ለሕዝብ የሚያሳይበት ቀን፣ በደረሰ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ገሚሱ ከጎብኚ፣ ገሚሱ ደግሞ ፕሮጀክቱን ይዞ ጠረጴዛ ጀርባ ከሚቆመው ተማሪ ነው። ሁለቱንም እዚሁ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ የሚመለከታችሁን መርጣችሁ አንብቡ።

ምንድን ነው የሚታየው?

አገራችን ውስጥ ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ኢንተርንሺፕ ይወጣል፣ አምስተኛ ዓመት ላይ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ግሩፕ ይዞ ፋይናል ፕሮጀክት ይሠራል። ኦፕን ዴይ ላይ የምታዩት አብዛኛው ይሄው ፋይናል ፕሮጀክት ነው። ከጎኑ የኮርስ ፕሮጀክቶች፣ የሮቦቲክስ ክለብ ሥራዎች፣ አንዳንዴም በዩኒቨርሲቲው ስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ማዕከል የሚማሩ የሃይስኩል ልጆች የሠሯቸው ነገሮች ይኖራሉ።

ዓይነቱ እንደየዲፓርትመንቱ ይለያያል። ኤሌክትሪካል ጋ ሴንሰርና ገመድ የሞላበት ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። ሜካኒካል ጋ ትልልቅ ነገር ይቆማል፦ የጤፍ መውቂያ፣ የእንሰት መፋቂያ፣ የቡና መፈልፈያ። ኬሚካል ጋ ባዮጋዝና ከቡና ገለባ የተሠራ ከሰል አለ። አካባቢውም ይታይበታል። ባህር ዳር የጣና እምቦጭ ጉዳይ አይቀርም፣ ጅማ ደግሞ ቡና።

ሲቪልን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ያሳዝነኛል። የሚያበራ ነገር ስለሌለው ነው። ግን ያቺ በየጎኗ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነች ግራጫ የኮንክሪት ኪዩብ ብዙ ሥራ አለባት። ተማሪዎቹ አሸዋውን በከፊል በተፈጨ ፕላስቲክ ተክተው፣ ደባልቀው፣ ቀርጸው፣ ውሃ ውስጥ አቆይተው በ7ኛው እና በ28ኛው ቀን ማሽን ላይ ጨፍልቀዋታል። ፕላስቲኩ ሲጨምር ጥንካሬው ይወርዳል። ጥያቄው እስከ ስንት ድረስ ቢወርድ ለምን ዓይነት ሥራ ይበቃል የሚለው ነው። ሰንጠረዡን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩአችሁ።

ማን መግባት ይችላል? ክፍያ አለው?

ኦፕን ዴይ ከተባለ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። በር ላይ ስለምትፈተሹ መታወቂያ ያዙ። ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ከዩኒቨርሲቲው ገጽ አረጋግጡ። ከተቻለ ደግሞ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ተማሪዎቹ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ባትሪውም አልቆ ነው የምትደርሱት።

ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ ኢንጂነሪንግ ልግባ ትላለች። ምን ልጠይቅላት?

እርስዎ አይጠይቁላት፣ እሷ ትጠይቅ። ወላጅ ሲጠይቅ ተማሪው ለወላጅ የሚሆን መልስ ይሰጣል፤ «ጥሩ ነው፣ ሥራም ይገኛል» ይላል። ለልጅቷ ግን እውነቱን ይነግራታል። የትኛው ኮርስ እንደሚከብድ፣ ከፍሬሽማን በኋላ የፈለጉት ዲፓርትመንት ሳይደርሳቸው የቀሩ ጓደኞቹ ምን እንዳደረጉ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ።

ሴት ተማሪዎች ያሉበት ጠረጴዛ ጋ ይውሰዷት። ከግሩፑ ውስጥ ብየዳውን ማን ሠራ፣ ኮዱን ማን ጻፈ፣ ሪፖርቱን ማን ጻፈ ብላ ትጠይቅ። ሴቶቹን ሪፖርትና ፓወር ፖይንት ላይ ብቻ የሚመድብ ግሩፕ ብዙ ነው። ይሄ መቆም አለበት። ልጅዎም ገና ሳትገባ ብታውቀው ይጠቅማታል።

ሁሉም አርዱዪኖ ነው፣ ከዩቲዩብ የተቀዳ አይደል?

አርዱዪኖ፣ ማለትም ኮድ ተጭኖባት ሴንሰርና ሞተር የምታዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ መብዛቱ እውነት ነው። ግን ቦርዱ የተሠራው ለዚሁ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ ሲጀመር የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የሌላቸው የዲዛይን ተማሪዎች በርካሽና በቀላሉ እንዲሠሩበት ታስቦ ነበር። እኛም ጋ የገነነው ርካሽና ቀላል ስለሆነ ነው። ስለዚህ «አርዱዪኖ ነው» ማለት ስድብ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ቦርዱ ላይ ምን ጨመሩበት የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። ለዓይነ ስውራን የሚሆን ስማርት በትር በየዓመቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው ይቀርባል። በትሩ ላይ ሁለት ክብ ዓይን ያላት ኤችሲ-ኤስአር04 የምትባል ሴንሰር ትታሰራለች። ሴንሰሯ ሰው የማይሰማው የ40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ትልካለች፣ ድምፁ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ትለካለች። 1 ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ ድምፁን በ6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይመልሰዋል። ከ2 ሴንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ታያለች ተብሎ ይጻፋል። ቀረብ ሲል በትሩ ይጮሃል። እስከዚህ ድረስ ዩቲዩብ ላይ አለ።

አሁን ጥያቄውን እናምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በእግሩ ለሚሄድ ዓይነ ስውር የሚያሰጋው ግድግዳ ነው ወይስ ክዳኑ የጠፋ ቦይ? ሴንሰሯ ፊት ለፊት ከታሰረች ግድግዳውን ትነግረዋለች፣ ጉድጓዱ ግን አይታያትም፤ ከጉድጓድ የሚመለስ ድምፅ የለም። ጉድጓድ ለማየት ሁለተኛ ሴንሰር ወደ መሬት አዘንብሎ ማሰር፣ ከዚያም «ርቀቱ በድንገት ጨመረ» የሚለውን እንደ አደጋ የሚቆጥር ኮድ መጻፍ ያስፈልጋል። ወፍራም ጋቢ የለበሰ ሰውስ? ጨርቅ ድምፁን ስለሚውጠው ሴንሰሯ ዘግይታ ልታየው ትችላለች። ጩኸቱስ? የታክሲ ረዳት በሚጣራበት መንገድ ላይ ማን ይሰማዋል? ደግሞም ዓይነ ስውር ሰው መንገዱን የሚያነበው በጆሮው ነው፤ ጆሮውን በጩኸት መያዝ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ መያዣው ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ሞተር ትሻላለች፣ ስልክ ላይ ያለችው ዓይነት።

እነዚህን ያሰበ ግሩፕ አለ፣ ያላሰበም አለ። ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። «ዓይነ ስውር ሰው ሞክሮታል? ምን አላችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ወዲያው ይለያሉ። ካምፓስ ውስጥ ዓይነ ስውር ተማሪዎች አሉ፣ ሄዶ ማነጋገር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለእኔ የፕሮጀክት ዋጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለማን እንደተሠራ የሚያውቅ ፕሮጀክት ቦርዱ ምንም ይሁን ምን ዋጋ አለው።

ይሄ ሁሉ ፈጠራ ለምን ገበያ ላይ አይወጣም?

ይሄን የማይጠይቅ ጎብኚ የለም፣ ጋዜጠኛም ከሆነ የመጀመሪያ ጥያቄው ነው። መልሱ ግን «ድጋፍ ስለሌለ» ብቻ አይደለም።

የእንቁላል ማስፈልፈያን እንውሰድ። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፣ 21 ቀን ይፈጃል፣ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ በቀን ብዙ ጊዜ መገላበጥ አለበት፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ከፍ ይላል። ሳጥኑን፣ አምፖሉን፣ ፋኑን እና ሴንሰሩን መገጣጠም ለተማሪ አይከብድም። የሚከብደው ሙከራው ነው። አንድ ዙር ሦስት ሳምንት ነው። መጀመሪያው ዙር ላይ መብራት ጠፍቶ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ሁለተኛው ላይ የማገላበጫው ሞተር ሌሊት ይነክሳል፣ ከዚያ ዲፌንስ (ፕሮጀክቱን መምህራን ፊት አቅርቦ መከላከል) ይደርሳል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ተመራቂው ለሱም ማጥናት አለበት። ስለዚህ ኦፕን ዴይ ላይ የምታዩት ሳጥን የሚሠራ ሳጥን ነው፣ ከመቶ እንቁላል ስንት እንደሚፈለፍል ግን ገና በደንብ አልተለካም። ገበሬው የሚገዛው ደግሞ ያንን ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ልጆቹ ይመረቃሉ። አንዱ አዳማ፣ አንዷ መቀሌ፣ አንዱ ዱባይ። ሳጥኑ ዲፓርትመንቱ ስቶር ይገባል። የሚቀጥለው ዓመት ባች ደግሞ «የእንቁላል ማስፈልፈያ» ብሎ ርዕስ ያስመዘግባል፣ ከዜሮ ይጀምራል። እዚህ ጋ ነው በጣም የምናደደው። አንድ ፕሮጀክት በሦስት ባች ቢቀጥል፣ የመጀመሪያው ሠርቶ፣ ሁለተኛው ለክቶ፣ ሦስተኛው ገበሬ ቤት አስቀምጦ ቢያየው፣ ሦስት ጅምር ሳጥኖች ከምናገኝ አንድ የሚሸጥ ማሽን እናገኝ ነበር። ርዕሱ «አዲስ አይደለም» ብሎ የሚመልስ ዲፓርትመንት ይሄን ቢያስብበት ጥሩ ነው። ያለፈውን ማሻሻልም ኢንጂነሪንግ ነው።

ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጄኔሬተር አየሁ። እውነት ነው?

አይደለም። ሞተር ጄኔሬተርን አዙሮ፣ ጄኔሬተሩ መልሶ ሞተሩን እያንቀሳቀሰ፣ በላዩ ላይ አምፖል የሚያበራ ማሽን የለም፣ አይኖርምም። በየዙሩ ሰበቃውና ሙቀቱ ኃይል ይበላል። ጠረጴዛ ላይ ለደቂቃዎች ከሠራ ኃይሉ ከባትሪ ወይም ሲሽከረከር ከቆየው ጎማ ነው የመጣው። ለልጁ በክብር ንገሩት፣ ሰው ፊት አታዋርዱት። የሚገባውንና የሚወጣውን ዋት በሜትር ለክቶ ጎን ለጎን እንዲጽፍ ጠይቁት፣ ራሱ ይደርስበታል። አድቫይዘሩ ግን ከዚያ በፊት ሊያስቆመው ይገባ ነበር። ካሜራ መጥቶ «ተማሪው ነፃ ኃይል ፈጠረ» ብሎ ከተዘገበ በኋላ ልጁ ላይ የሚደርሰው መሳቂያ መሆን ከባድ ነው።

በሶላር እንጀራ መጋገርስ?

ይሄኛው ይቻላል፣ ግን ሒሳቡን ጠይቁ። የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይወስዳል። አንድ ትልቅ የሶላር ፓነል ጠራራ ፀሐይ ላይ 350 ዋት ቢሰጥ አሥር ፓነል ያስፈልጋል ማለት ነው፣ ወይም ከባድ ባትሪ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ፓነል አንዲት ከሆነች ማሳያ ናት፣ ምጣዱን አታግለውም። በሌላ በኩል ሙቀት የማያባክን ምጣድ፣ በደንብ የሚከደን፣ ከሥሩ የታሸገ፣ ሳህኑ የሳሳ ምጣድ የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ። እነሱን ፈልጉ። ብዙም አያብረቀርቅም፣ ግን በየቤቱ የመብራት ሂሳብ ላይ የሚታይ ሥራ ነው።

(ከተማሪ) ዕቃ ከየት እናገኛለን?

መጀመሪያ ላብራቶሪያችሁን ጠይቁ። ቴክኒሻኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር ይገርማችኋል። ከዚያ መርካቶ። የሴንሰርና የቦርድ ሱቆችን ሲኒየሮቻችሁ ያውቋቸዋል፣ ስልካቸውን ተቀበሉ። ለሜካኒካል ነገር ምናለሽ ተራን የሚያክል የለም። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ፈልጉ፦ በ12 ቮልት ይሠራል፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን ብዙ ነው፤ ለማገላበጫ፣ ለበር መክፈቻ፣ ለዘር መዝሪያ ይሆናል። ከተበላሸ ፕሪንተር ደግሞ ስቴፐር ሞተርና ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይወጣል። ከውጭ ማዘዝ ካለባችሁ ሴሚስተሩ ሲጀመር እዘዙ። ጉምሩክ የናንተን ዲፌንስ አይጠብቅም።

ውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖችም «ምን እንርዳ» ትላላችሁ። ሰው ሲመጣ ሴንሰር መላክ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን በሙያችሁ አንድ ግሩፕ ይዛችሁ በየሁለት ሳምንቱ በቪዲዮ ብታነጋግሩት ይሻላል።

(ከተማሪ) ዕለቱን እምቢ ቢለንስ?

እምቢ ማለቱ አይቀርም፣ ተዘጋጁበት። ኦፕን ዴይ ላይ ፕሮጀክት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ኮድ አይደለም፣ የኃይል አቅርቦትና ልል ገመድ ነው።

ኤስኤምኤስ የሚልክ ፕሮጀክት ካላችሁና ሲም800ኤል ሞጁል ከተጠቀማችሁ ይሄን በደንብ አንብቡ። ሞጁሏ ኔትወርክ ስትፈልግ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ትስባለች። ከአርዱዪኖው ፒን ያን ያህል አይወጣም፣ ስለዚህ ቮልቴጁ ይወርድና ሞጁሏ ትጠፋለች፣ ትነሳለች፣ መልሳ ትጠፋለች። ተማሪው ኮዱን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀይር ያድራል፣ ችግሩ ግን እዚያ አይደለም። የምትፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው፣ 5 ቮልት በቀጥታ አትስጧት። የራሷ ባትሪ ወይም ሬጉሌተር ይኑራት፣ አጠገቧ ትልቅ ካፓሲተር (1000 ማይክሮ ፋራድ ይበቃል) አድርጉ፣ ግራውንዱን ከአርዱዪኖው ጋር አገናኙ። በ2ጂ ብቻ እንደምትሠራም አትርሱ፣ አዳራሹ ውስጥ ሲግናል መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። ሲም ካርዱ ላይ ብር ይኑር።

ከብሬድቦርድ (ገመድ ሳይበየድ ከሚሰካበት የመሞከሪያ ሰሌዳ) ውጡ። ጎብኚ ጠረጴዛውን በጉልበቱ ሲነካው ጃምፐር ገመድ ይነቀላል። ቢያንስ ወሳኞቹን በሚበየድ ቦርድ ላይ በዩዋቸው።

መስመር ተከታይ ሮቦት ያላችሁ ሴንሰሩን እዚያው አዳራሽ ውስጥ አስተካክሉ። ላብ ውስጥ የሠራው በመስኮት በምትገባ ፀሐይ ይወናበዳል። ዋይፋይ የሚፈልግ ፕሮጀክት ያላችሁ የራሳችሁን ሆትስፖት ያዙ። ዲቫይደር ከቤት ይምጣ፣ ሶኬት አንድ ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ፓወር ባንክ።

ከሁሉም በፊት በሚሠራበት ቀን ቪዲዮ ቅረጹት። እምቢ ካለ «ትናንት ሲሠራ ይሄ ነው፣ ዛሬ ያቆመው በዚህ ምክንያት ይመስለናል» በሉ። ምክንያቱን በትክክል የሚያስረዳ ተማሪ ፕሮጀክቱ ከሠራለት ተማሪ ይልቅ ዳኛን የሚያሳምንበት ጊዜ ብዙ ነው።

(ከተማሪ) ፖስተሩ ላይ ምን እንጻፍ?

ትንሽ ጻፉ። ችግሩ በሁለት መስመር፣ አንድ ጥሩ ሥዕል፣ የለካችሁት ቁጥር ከነመለኪያው፣ ያልሠራው ነገር። የሪፖርቱን የእንግሊዝኛ አብስትራክት (ማጠቃለያ) ሙሉውን አትለጥፉት፣ ማንም አያነበውም። ስታስረዱ በአካባቢው ሰው ቋንቋ አስረዱ። ለእናታችሁ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ልታስረዱት ካልቻላችሁ ገና እናንተም አልገባችሁም ማለት ነው።

ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?

ፍርሃቱ ይገባኛል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራንና አነስተኛ ፈጠራን ይጠብቃል። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ነባር ነገር ላይ ለተደረገ ማሻሻያ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል የሚባል ሰርተፊኬት አለ፣ ለብዙ የተማሪ ሥራ የሚቀርበው እሱ ነው። ማመልከቻው የሚገባው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ፓተንት አዲስነትን ስለሚጠይቅ በእርግጥ አዲስ ነገር አለኝ ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ኦፕን ዴይ ላይ ከመዘርገፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲውም በሥራው ላይ ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል አድቫይዘራችሁን አነጋግሩ። ሐሳብ ብቻ ግን አይመዘገብም። «ድሮን ለእርሻ» ሐሳብ ነው፣ ማንም አይሰርቃችሁም፣ ማንም ደግሞ ፓተንት አይሰጣችሁም።

ድርጅት አለኝ፣ ከተማሪዎቹ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ

ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ችግር ይስጡ። ፋብሪካዎ ውስጥ በየሳምንቱ የሚቆመው ማሽን የቱ ነው? የሚጣለው ተረፈ ምርት ምንድን ነው? ይሄ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ለዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ቢደርስ የአንድ ግሩፕ ርዕስ ይሆናል፣ ልጆቹም ኢንተርንሺፕ እርስዎ ጋ ይወጣሉ። ኦፕን ዴይ ላይ ከሆኑ የተማሪውንም የአድቫይዘሩንም ስልክ ይውሰዱ። ተማሪው በወሩ ካምፓስ አይኖርም።

ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል?

አዎ፣ ይውሰዷቸው። እጃቸውን ግን ይያዙ። ተማሪ የሠራው ሳጥን ውስጥ 220 ቮልት ክፍቱን ሊሆን ይችላል፣ መውቂያዎቹም ላይ ጥርስ አለ። ተማሪዎች ደግሞ የሚሽከረከረውን ሁሉ በላሜራ ወይም በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፣ አንድ ቀይ ማጥፊያ እጃችሁ አጠገብ ይኑር። ልጅ የሚነካው አንድ ነገር አዘጋጁ፣ ቁልፍ ተጭኖ መብራት ቢበራለት ይበቃዋል።

(ከተማሪ) ካለቀ በኋላ ፕሮጀክቱን ምን እናድርገው?

ወዲያው አትፍቱት። ሴንሰሩን ለመሸጥ መቸኮል አለ፣ አውቃለሁ፣ ብር ወጥቶበታል። ግን መጀመሪያ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፣ የገመዱን አሠራር በወረቀት ሣሉት፣ ኮዱን ከነማብራሪያው አስቀምጡ፣ የዕቃ ዝርዝሩን ከየት እንደተገዛ ጭምር ጻፉ። ምን እንዳልሠራ አንድ ገጽ ጨምሩበት፤ ለሚቀጥለው ባች ከሪፖርቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህቺ ገጽ ናት። ይሄን ለአድቫይዘሩም ለአራተኛ ዓመት ልጆችም በእጃቸው ስጧቸው። ስልካችሁንም ጻፉበት። ስቶር የሚገባ ከሆነ ደግሞ የሊቲየም ባትሪውን አውጡለት።